የማገዶ ሒሳብ

«ያዋጣል ወይ?» የምትለዋን ጥያቄ የማይጠይቅ ሰው መቼም የለም። ነጋዴ ይጠይቃታል፣ ገበሬ ይጠይቃታል፣ ልጁን የሚድር አባትም አፍ አውጥቶ ባይናገር በሆዱ ይጠይቃታል። ስለዚህ የከተማችን ሰው የአካባቢ ጥበቃ ነገር ሲነሣ ይችኑ ጥያቄ ማስቀደሙ አይገርመኝም። ጣሪያዬ ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ብሰቅል በስንት ዓመት ዋጋውን ይመልሳል? የኤሌክትሪክ መኪና ብገዛ ከነዳጅ የማተርፈው ገንዘብ ለባትሪው መቀየሪያ ይበቃኛል? መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ከከለከለ ወዲህማ ነገሩ ከቡና ወሬ አልፎ የባልና የሚስት ምክክር ሆኗል።

እኔ ግን ይህችን ጥያቄ ከአዲስ አበባ አውጥቼ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ምዕራብ ልወስዳት እፈልጋለሁ። ሸርቆሌ በቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል፣ በአሶሳ ዞን፣ ወደ ሱዳን ድንበር የተጠጋ ወረዳ ነው። ወደዚያ የምሄድበት ምክንያት ቀላል ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ከተፈጥሮ ጋር ተስማምቶ መኖር ገንዘብ ያለው ሰው የሚገዛው ዕቃ ነው። ሸርቆሌ ውስጥ ግን ገንዘብ የሌለው ሰው የሚኖረው ኑሮ ነው።

የበርታን ሰው ቤት ያየ ይህንን ያውቃል። ግድግዳው ቀርከሃ፣ ክዳኑ ሣር ነው። አጥሩ ቀርከሃ፣ አልጋው ቀርከሃ፣ ጎተራውም ቀርከሃ ነው፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ለጋው ቡቃያ ተቀቅሎ ይበላል። ይህ ቀርከሃ ሽመል የምንለው፣ ውስጡ ድፍን የሆነው የቆላው ዓይነት ነው። በአንድ ክረምት ቁመቱን ይጨርሳል፤ በሦስት ዓመት ገደማ ለሥራ ይደርሳል። የደረሰውን እየመረጡ ቢቆርጡት ሥሩ ሌላ ያወጣል። እንግዲህ ሲሚንቶ የለ፣ ብረት የለ፣ ከሩቅ የሚጫን ዕቃ የለ። ዛሬ በየጉባኤው «አረንጓዴ ኑሮ» እየተባለ የሚሰበከው ይህ ካልሆነ ምን ሊሆን ነው?

ታዲያ የሸርቆሌ ሰው እጁ ላይ ጥቂት ብር ሲገባ ምን ያደርጋል? ቆርቆሮ ይገዛል። በዚያ በረሃ በሚመስል ሙቀት፣ ቀትር ላይ እንደ ምጣድ የሚግል ቆርቆሮ! በሌላ በኩል የአዲስ አበባው ሀብታም ገንዘብ ሲተርፈው በሣር የተከደነ የመዝናኛ ጎጆ ውስጥ ለአንድ ሌሊት አልጋ ይከራያል። አንዱ ከፍሎ የሚወጣበት ቤት ሌላው ከፍሎ የሚገባበት ቤት ነው። በቆርቆሮው መሳቅ ለእኛ ይቀለናል። ነገር ግን ሣር በየጥቂት ዓመቱ ይበሰብሳል፣ ይለወጣል፣ አጫጅና ከዳኝ ይፈልጋል፣ እሳትም አይምረውም። ቆርቆሮ ያለበሰ ሰው ሒሳብ ያውቃል ማለት ነው። የእኛው ሰው አንድ ሌሊት ስላደረበት ሣር ክዳኑን የሚያድስበት ጊዜ አይደርስበትም።

ጉዳዩ ጠልቆ የሚታየኝ ግን ጉልቻው ላይ ነው። በአውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ከሱዳን የእርስ በርስ ጦርነት የሸሹ ሰዎችን የተቀበለው የሸርቆሌ የስደተኞች ጣቢያ ተከፈተ። ከ2005ቱ የሰላም ስምምነት በኋላ ብዙዎቹ ወደ አገራቸው ተመለሱ። በ2011 ብሉ ናይል ውስጥ ጦርነት ሲያገረሽ በኩርሙክ በኩል ሌሎች ጎረፉ፤ በ2023 ካርቱም ላይ ሌላ ጦርነት ሲፈነዳም እንዲሁ። ለስደተኛው እህል በከረጢት ይመጣለታል። ጥሬ እህል ግን አይበላም፤ የሚያበስለው እንጨት ደግሞ ያለው ጫካው ውስጥ ነው። የአገሩ ሴትና የስደተኛዋ ሴት እዚያው ጫካ ውስጥ ይገናኛሉ። አንደኛዋ ብትቆጥብ ያተረፈችውን ሌላኛዋ ታነሣዋለች። ስለዚህ አንዲት ሴት ማገዶ ስለቆጠበች ጫካው ይተርፋል ብሎ መናገር ሴትዮዋን ማሞኘት ነው።

ማገዶ የሚቆጥብ ምድጃ አገራችን ውስጥ አዲስ ነገር አይደለም። ምርጥ ምጣድና ላቀች ምድጃ ከአውሮፓውያኑ 1990ዎቹ መጀመሪያ ጀምሮ እየተሠሩ ይሸጣሉ፤ ምርጥ ምጣድ በሦስት ጉልቻ ላይ ከሚነደው እንጨት ግማሽ ያህሉን ሊያድን እንደሚችል ተመስክሮለታል። ይሁን እንጂ ምርጥ ምጣድ የተሠራው ለእንጀራ ነው። ገንፎ በባሚያ ወጥ ለሚበላ ቤት የእንጀራ ምድጃ ይዞ መሄድ ጫማ ለሚፈልግ ሰው ባርኔጣ እንደ መስጠት ነው። «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ያሉት አባቶች ስለ ሹም ሽር ነበር የተናገሩት፤ ለምድጃ ነጋዴዎችም ይሠራል።

ለድስት የሚሆን ምድጃ የሚሸጥበት ቀን አንዲት እናት በአስተርጓሚ አነጋግሬ ነበር። «እህቴ፣ ይህን ብትገዢ እንጨት የምትለቅሚበት ቀን በግማሽ ይቀንስልሻል፤ አያዋጣሽም?» አልኳት። ሳቀችና «ወንድሜ፣ እንጨቱን የምሸከመው እኔ ነኝ፤ ብሩን የሚይዘው ባለቤቴ ነው። እሱን ጠይቀው» አለችኝ። ጠየቅሁት። ሰውየው ክፉ ሰው አይደለም። ምድጃውን አገላብጦ አየና «እንጨት እኮ በነፃ ነው፤ በነፃ ለሚገኝ ነገር ለምን ብር አወጣለሁ?» አለኝ።

እንግዲህ «አያዋጣም» የምትለው ፍርድ የመጣችው ከዚህ ነው። ሰውየው በሒሳብ አልተሳሳተም። ሚስቱ በሸክም የምታሳልፈው ሰዓት ምንም አይደለም ብሎ ካስቀመጠ በኋላ የደመረው ሁሉ ትክክል ነው። የወገቧ ሕመም ምንም ነው፤ ዓይኗን የሚያቃጥለው ጢስ ምንም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዲህ ያለው የቤት ውስጥ ጢስ በአውሮፓውያኑ 2020 ብቻ በዓለም ላይ 3.2 ሚሊዮን ሰው እንደ ገደለ ገምቷል። ይህም ከሰውየው ድምር ውስጥ የለም። «ለራስ ሲቆርሱ አያሳንሱ» ይባላል፤ ለሌላው ሲቆርሱስ? ደግሞ በሰውየው ብቻ አንፍረድ። እንጦጦን ቁልቁል በጀርባቸው የባሕር ዛፍ ጭራሮ ተሸክመው የሚወርዱትን ሴቶች ስንት ጊዜ በመኪና አልፈናቸዋል? ጭራሮው ርካሽ ነው የምንለውም የሴቶቹን ጀርባ ሳንቆጥር ነው።

አንባቢ ምናልባት «ሰዓቷ ዋጋ ይኑረው፤ ያን ጊዜ ነገሩ ያዋጣል» ይል ይሆናል። ሸርቆሌ ላይ ይህ የሐሳብ ጨዋታ አይደለም። አገሩ የወርቅ አገር ነው፤ የግብፁን መሐመድ ዓሊንም ሆነ አፄ ምኒልክን ወደዚያ ያሳያቸው ይኸው ወርቅ ነው። በበጋ ሴቶቹ ወንዝ ዳር ተቀምጠው አሸዋና ጠጠር በገበቴ እያጠቡ ወርቅ ያወጣሉ። ከእንጨት ለቀማ የተረፈች ግማሽ ቀን ወንዙ ዳር ብትውል ጥቂት የወርቅ ቅንጣት ልታስገኝ ትችላለች፤ ቅንጣቷን ነጋዴው በሚዛን ያስቀምጣታል። ስለዚህ ባልየው ይህን ቢያስብ ኖሮ ምድጃውን ይገዛ ነበር።

ይግዛ እንበል። ጫካው ጥቂት እፎይ ይላል። ሴትየዋ ግን ያተረፈችውን ጊዜ ይዛ ወንዝ ትወርዳለች፤ የወንዙ ዳር ይቆፈራል፣ ውኃው ይደፈርሳል፣ ጉድጓዱ ሳይሞላ ይቀራል። በአንድ እጅ ያዳንነውን በሌላው እጅ አፈረስነው። ጥቅም ወደ ጫካው እንደ መራን ሁሉ ጥቅም ወደ ወንዙ መራን። በዚህ ምክንያት «ያዋጣል» የምትለው ቃል ብቻዋን ጫካ ጠባቂ ልትሆን ትችላለች ብዬ አላምንም።

ስትሠራ አይቻታለሁ የሚለኝም ሰው አይጠፋም፤ እውነትም አለው። አዲስ አበባ በማገዶ እጦት ልትለቀቅ፣ ከተማውም ወደ አዲስ ዓለም ሊዛወር ታስቦ በነበረበት ዘመን ያዳናት ባሕር ዛፍ ነው። ባሕር ዛፍን ሰው የተከለው ለምድር ተቆርቁሮ አይደለም፤ ስለሚያዋጣው ነው። ታዲያ ዛሬ ስለሚያዋጣው ደግሞ የጤፍ መሬቱን ነቅሎ የሚተክለው አለ፤ ውኃ መጠጡንና አፈር ማድረቁን ማንም በሒሳብ አይዝበትም። የኤታኖልንም ነገር እናስታውስ። በምሥራቅ ቀብሪበያ የስደተኞች ጣቢያ ከስኳር ፋብሪካ ተረፈ ምርት በሚገኝ ኤታኖል የሚሠራ ምድጃ ለቤተሰቦች ታድሎ፣ እናቶችን ከእንጨት ለቀማ አሳርፎ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ኤታኖል ከቤንዚን ጋር መደባለቅ ሲጀመር ግን ምድጃው ባለመኪና የሚባል ተሻሚ መጣበት።

ወደ ቀርከሃው ልመለስና ላብቃ። የቆላ ቀርከሃ ልዩ ጠባይ አለው። በብዙ አሥርት ዓመታት አንድ ጊዜ ጫካው ባንድነት ያብባል፣ ያፈራል፣ ይደርቃል። በቤኒሻንጉል ጉሙዝም ይህ ታይቷል። ከወደቀው ዘር የሚበቅለው ችግኝ እንደ ሣር የቀጠነ ነው፤ ከሰደድ እሳትና ከፍየል መጠበቅ አለበት፤ ደህና ሽመል እስኪያወጣም ዓመታት ይፈጃል። በእነዚያ ዓመታት ለጠባቂው አንድ ሳንቲም አያስገባም። የደረቀውን ጠርጎ ማሽላ የዘራ ሰው ግን በዚያው ዓመት እህል ያፍሳል። ይህን ሰው አጥፊ ለማለት አፌ አይደፍርም፤ ልጆች አሉት። ችግኙን እንዲጠብቅ ከፈለግን የእነዚያን ባዶ ዓመታት ማሽላ ልንከፍለው ይገባል፤ ጫካው ከቆመ ዝናቡንም፣ ጥላውንም፣ ወንበሩንም የምንካፈለው እኛም ነንና። እስካሁን ከእኛ ኪስ ወደ እሱ መንደር የተላከ ገንዘብ ቢኖር የቀርከሃ ወንበር ዋጋ ነው፤ ከዚያም አብዛኛው መንገድ ላይ በነጋዴና በጫኝ እጅ ይቀራል።