አንድ እሑድ ላለው ሰው የትኛው ቴአትር?

ከአዲስ አበባ ዙሪያ ተወልዶ ያደገ ሰው ከተማዋን ያውቃታል፤ አያውቃትምም። ከሰበታ አየር ጤና፣ ከቡራዩ አስኮ፣ ከሱሉልታ አዲሱ ገበያ ለመድረስ አንድ ታክሲ ይበቃል። ጥንት መናገሻ አውራጃ ይባል በነበረው አገር ያሉት እነዚህ ከተሞቻችን በ2015 ዓ.ም. በሸገር ከተማ ሥር ቢጠቃለሉም፣ ለሐኪምም ለገበያም ለጉዳይም የምንሄደው ያው ወደ አዲስ አበባ ነው። ጠዋት እንገባለን፤ ሲመሽ እንወጣለን። ችግሩ፣ ቴአትር የሚከፈተው ብዙውን ጊዜ እኛ ወደ ቤታችን በምንሳፈርበት ሰዓት መሆኑ ነው። ስለዚህ ከተማው ቅርባችን ሆኖ ሳለ ቴአትሩ ሩቃችን ሆኖ አደግን።

ዛሬ ተማሪዎች ነን። ለዕረፍት ወደየቤታችን ስንመለስ ገንዘብ አዋጥተን አንዲት እሑድ ለቴአትር እንቆርጣለን። ያን ጊዜ ጥያቄው ይመጣል። የትኛውን እንይ?

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። በአዲስ አበባ የቴአትር ቤቶች ልማድ አንድ ተውኔት በሳምንት የተመደበለት ቀን አለው። የረቡዑን ቴአትር እሑድ አታገኙትም፤ እሑድ የመጣ የእሑዱን ያያል። እንግዲህ ግማሹን ምርጫ ቀኑ መርጦልናል ማለት ነው። ከቀረው ላይ ኪሳችን የድርሻውን ይወስዳል። የመጨረሻው ታክሲ ደግሞ የራሱን ይቆርጣል። ታዲያ ለእኛ ምን ተረፈልን? ብሔራዊ ቴአትር እንግባ፣ ሀገር ፍቅር ወይስ ማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ የምትለው ትንሽ ምርጫ ብቻ ተረፈችልን። የዚህ ጽሑፍ ጉዳይም እሷው ናት።

«ይህማ የጣዕም ጉዳይ እንጂ የሥነ ምግባር ጥያቄ አይደለም፤ ሽሮና ምስር መምረጥ ምን ያጨቃጭቃል?» የሚል ወዳጅ አይጠፋም። አራት ኪሎ ለሚኖር ሰው ነገሩ እውነት ሊሆን ይችላል። እሱ ዛሬ ቢሳሳት በሚቀጥለው ሳምንት ያርመዋል። አንድ ቀን ብቻ ያለው ሰው ግን አንዱን ሲመርጥ ሌላውን ይተዋል፤ የተወውንም መቼ እንደሚያገኘው አያውቅም። ከዚህም ሌላ ገንዘቡ የብቻው አይደለም። ከሚያዋጣው መካከል የምሳውን የሚያዋጣ አለ። ሳይመጣ የቀረና «ስትመለሱ ትነግሩኛላችሁ» ብሎ የሚጠብቅም አለ። በሌላ ሰው ገንዘብና በሌላ ሰው ተስፋ የሚደረግ ምርጫ ጣዕም ብቻ ነው ማለት ያስቸግራል።

እስቲ ክርክሩን እንስማው። ሁልጊዜ በሁለት ጎራ እንከፈላለን። አንደኛው ወገን ኮሜዲ ይላል። «ሳምንቱን ሙሉ ስናለቅስ ሰንብተን፣ እሑድ ደግሞ ከፍለን እናልቅስ? ኧረ ተዉን!» ሁለተኛው ወገን ደግሞ፣ «ለሳቅማ ስልካችን መች አነሰን? ይህን ያህል መንገድ ሄደን የምናየው ቁም ነገር ይሁን እንጂ» ይላል። የመጀመሪያው ወገን ሁለተኛውን አስመሳይ ይለዋል፤ ሁለተኛውም የመጀመሪያውን ቀላል ይለዋል። እኛ ሁለቱንም መርምረን፣ ሁለቱም መለኪያውን ስተዋል ብለናል።

በቅድሚያ ሳቅን የሚንቁትን እንጠይቅ። በአገራችን ዘመናዊ ቴአትር የጀመረው በምን ነበር? ሩሲያ ተምረው የተመለሱት ተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያም በ1913 ዓ.ም. ገደማ ያቀረቡት «ፋቡላ፤ የአውሬዎች ኮመዲያ» ነው። መድረኩ ላይ የሚናገሩት አውሬዎች ነበሩ። ሆኖም አውሬዎቹ የሚሉት ነገር የማንን ቤት እንደሚያንኳኳ ለመኳንንቱ አልጠፋቸውም፤ ተቆጡ፤ ተውኔቱም ታገደ። ቀላል ነገር ማን ያግዳል? መንግሥቱ ለማንም እንውሰድ። «ጠልፎ በኪሴ» ስለ ጠለፋ፣ «ያላቻ ጋብቻ» ስለ መደብና ስለ ጋብቻ የተጻፉ ኮሜዲዎች ናቸው። ተመልካቹ እየሳቀ ሳለ የሳቀበት ነገር በገዛ ቤቱ ያለ ልማድ መሆኑን ያስተውላል። ያን ጊዜ ሳቁ ጉሮሮው ላይ ትቀራለች። እንግዲህ ሳቅ ሁሉ ገለባ ነው ማለት ውሸት ነው።

ቀጥለን ደግሞ ልቅሶን የሚያከብሩትን እንጠይቅ። ፕሉታርክ የጻፈው አንድ የጥንት ታሪክ አለ። ፌሬ በምትባል የግሪክ ከተማ እስክንድር የሚባል ጨካኝ ገዥ ነበር። አንድ ቀን ኢዩሪፒደስ የጻፈውን «የትሮይ ሴቶች» ሊያይ ገባና ሳይጨርስ ተነሥቶ ወጣ። ለምን? ስንቱን ዜጋ ያለ ርኅራኄ ያስገደለ ሰው፣ ለሔኩባና ለአንድሮማክ መከራ ሲያለቅስ ሰው እንዳያየው አፍሮ ነው። እንባው እውነተኛ ነበር። ያስገደላቸውን ግን አንዳቸውንም አልጠቀመም። የሰሜን አፍሪቃው ልጅ አውግስጢኖስም በወጣትነቱ ካርታጎ ቴአትር ቤት ገብቶ ለሐሰተኛ መከራ ማልቀስን ይወድ እንደ ነበር፣ በኋላ ዘመኑ በኑዛዜው እየተገረመ ጽፏል።

ይህንኑ ነገር አጥብቆ የያዘው ሩሶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1758 ለዳላምቤር በጻፈው ደብዳቤ፣ ትንሿ ከተማ ጄኔቭ ቴአትር ቤት ትክፈት የሚለውን ሐሳብ ተቃወመ። ከምክንያቶቹ አንዱ ይህ ነበር፤ ሰው በቴአትር ቤት ለተጎዳው ሲያለቅስ የሰብአዊነት ግዴታውን የተወጣ ይመስለዋል፤ እንባውን ከፍሏልና ከዚያ ወዲያ ምንም አይጠየቅም። ከአዳራሹ ደጃፍ የቆመውን ችግረኛ አልፎት ይሄዳል። እኛ በሩሶ መደምደሚያ አንስማማም። ትናንሽ ከተሞች ያለ ቴአትር ይኑሩ የሚለው ፍርድ በእኛ ላይ ሲፈጸም የኖረ ስለሆነ ጣዕሙን እናውቀዋለን። ክሱ ግን እውነት አለበት። እንባ እንደ ደረሰኝ ያገለግላል።

ሳቁም ልቅሶውም መለኪያ ካልሆኑ፣ መለኪያው ምንድር ነው? እኛ የደረስንበት ይህ ነው፤ ቴአትሩ ዕዳ ያስይዘናል ወይስ ዕዳችንን ይሰርዝልናል? አንዱ ቴአትር «ደግ ሰው ነህ፤ አልቅሰሃል፤ ስቀሃል፤ በል ደኅና እደር» ብሎ ያሰናብተናል። ሌላው ደግሞ ጥያቄ አሸክሞ ይሸኘናል። ጥያቄው ታክሲ ላይ አብሮን ይሳፈራል፤ ቤት ይገባል፤ ሰኞም አይለቀንም።

ምሳሌ እንስጥ። ከዚህ ቀጥለን የምንጠቅሳቸው ሁለት ተውኔቶች ለመለኪያ ያህል እንጂ ዛሬ በየአዳራሹ ይታያሉ ለማለት አይደለም። ጸጋዬ ገብረ መድኅን ከብሬሽት ወደ አማርኛ ያመጣው «እናት ዓለም ጠኑ» የጦርነት ነጋዴ የሆነች እናት ታሪክ ነው። በብሬሽት ተውኔት ውስጥ ይህች እናት በጦርነት ትተዳደራለች፤ ጦርነቱም ሦስቱን ልጆቿን ይወስድባታል፤ በመጨረሻ ግን ጋሪዋን እየጎተተች ያንኑ ጦርነት ትከተላለች። ብሬሽት ተመልካቹ አልቅሶላት ብቻ እንዲሄድ አልፈለገም፤ እሷ ያልገባትን ነገር እኛ እንድንጠይቅ እንጂ። ጦርነት ያየ አገር ሰው ይህን ጥያቄ ተሸክሞ ቢወጣ ይከብደዋል፤ ግን ይገባዋል።

የዚያው ደራሲ «ጴጥሮስ ያቺን ሰዓት» ደግሞ በሐምሌ 1928 ዓ.ም. ጣሊያኖች አዲስ አበባ ላይ በጥይት ስለ ገደሏቸው ስለ አቡነ ጴጥሮስ ነው። አቡኑ የሰላሌ ሰው ናቸው። ወደ ፍቼ የሚወስደው መንገድ በሱሉልታ ያልፋል። ጸጋዬም ቢሆን የተወለደው አምቦ አጠገብ ቦዳ ነው፤ የአምቦ መንገድ ቡራዩን አቋርጦ ይሄዳል። ይህን ያወቀ የሱሉልታ ወይም የቡራዩ ልጅ አዳራሽ ውስጥ የሚያየው የሩቅ ሰው ታሪክ እንዳልሆነ ይገባዋል። ከተማዋ ከፍለን እንድናይ የምታቀርብልን አንዳንዴ በእኛው መንገድ ያለፈውን ነው። ከዚያ ወዲያ «እንዴት ያሉ ጀግና ነበሩ!» ብሎ መሄድ ይቻላል። «እኛ ብንሆን ምን እንመልስ ነበር?» ብሎ መሄድም ይቻላል። ዕዳ የያዘው ሁለተኛው ነው።

አሁን ከባዱ ተቃውሞ ይመጣል። «ሳናየው እንዴት እናውቃለን?» እውነት ነው፤ በእርግጠኝነት አይታወቅም። ይሁንና ጥያቄን ማስተካከል ይቻላል። ያየ ሰው ስናገኝ «ያስቃል ወይ?» ወይም «ጥሩ ነው ወይ?» እንላለን። ከዚህ ይልቅ «ከወጣችሁ በኋላ በምን ተከራከራችሁ?» እንበል። «ኧረ ምንም! ስቀን ስቀን ወጣን» ካለን አንድ ነገር ነግሮናል። «እስከ ፒያሳ ስንጨቃጨቅ ሄድን» ካለም ነግሮናል። ማስታወቂያው ላይ ያለው ፊት በቴሌቪዥን ድራማ የምናውቀው ስለሆነ ብቻ አንምረጥ፤ ያን ፊት ቤታችንም እናገኘዋለን። በቤቱ ስምም አንምረጥ። ሀገር ፍቅር በ1927 ዓ.ም. በወረራ ዋዜማ ሕዝብን ለመቀስቀስ የተቋቋመ ማኅበር ልጅ ነው። ብሔራዊ ቴአትር በ1948 ዓ.ም. በንጉሠ ነገሥቱ ኢዮቤልዩ ሰሞን በ«ዳዊትና ኦርዮን» ተውኔት የተመረቀ ቤት ነው። ሁለቱም ታላቅ ታሪክ አላቸው። ታሪኩ ግን ዛሬ መጋረጃው ሲገለጥ ለሚታየው ዋስ አይሆንም።

አንድ ነገር እንጨምር። መጨረሻውን ለማየት የማያስችል ሰዓት አንምረጥ። ደራሲው ፍርዱን የሚሰጠው መጨረሻ ላይ ነው፤ ወይም ፍርዱን ለእኛ ትቶ የሚወጣው ያን ጊዜ ነው። የፌሬው ገዥ እንባውን ፈርቶ ከመካከል ወጣ፤ የሱሉልታ ሰው ደግሞ ታክሲ ፈርቶ ይወጣል። ምክንያታቸው የሰማይና የምድር ያህል ቢራራቅም ሁለቱም ዕዳው ሳይነገራቸው ነው የሄዱት። በአንድ እሑድ ሁለት ቴአትር ግማሽ ግማሹን ከማየት አንዱን እስከ ፍጻሜው ማየት ይሻላል።

«ታዲያ በድምፅ ብልጫ ለምን አትወስኑም?» የሚለን ይኖራል። ወስነን እናውቃለን። ከመካከላችን አንድ የሰበታ ልጅ ዓይነ ስውር ጓደኛ አለን። ብዙዎቻችን ጭፈራና የሰውነት ቀልድ የበዛበትን ትርኢት በመረጥን ጊዜ እሱ አልተቃወመም፤ «እናንተ ከመረጣችሁ ይሁን» አለ። ገና ቲኬት ሳንቆርጥ አንዲት እህታችን «እሱስ ምኑን ያያል?» አለችና ዝም አሰኘችን። ብልጫው ሕጋዊ ነበር፤ ፍትሕ ግን አልነበረበትም። ንግግር የበዛበትን ቴአትር መርጠን ገባን። በመመለሻችን ታክሲ ውስጥ፣ «ሁሉም ሲፈርዱበት ያ ዝም ያለው ሰውዬ ምን ሆነ?» ብሎ ጠየቀን። ዝም ያለ ሰው መኖሩን ልብ ያለ ከመካከላችን አልነበረም። እሱ ድምፁ መጥፋቱን ሰምቷል። ከዚህ የተማርነው ሕግ አጭር ነው፤ በጋራ ስንመርጥ ምርጫው ከሁሉ ይልቅ የሚከብደውን ሰው አስቀድመን እንጠይቅ።

ያም ሆኖ ይህን መለኪያ በሰው ላይ እንደ ቀንበር መጫን አይገባም። አዳራሽ ገብታ የማታውቅ እናታችንን ይዘን ብንሄድና «ልጆቼ፣ የሚያስቀውን አሳዩኝ» ብትለን፣ ተነሥተን ስለ ሩሶ ልንሰብክላት ነው? አይደለም። ስትስቅ እያየን አብረናት እንስቃለን። ሰው ከራሱ ዕዳ ሊጠይቅ ይችላል፤ ጓደኛውን ሊመክር ይችላል፤ የደከመን ሰው ሳቅ ግን የመንጠቅ መብት የለውም።

በመጨረሻ፣ ምርጫው ቲኬት ሲቆረጥ አያልቅም። አይቶ የተመለሰ ሰው ያልሄዱት ባለዕዳ ነው። ታሪኩን መተረክ ቀላል ነው፤ ቀልዱን መድገምም ቀላል ነው። ጥያቄውን ሳያሳንሱ ማድረስ ግን ይከብዳል። በደርግ ዘመን በየቀበሌው ኪነት ቡድን ነበር። ብዙው ሥራው የመንግሥት መፈክር ማስተጋቢያ እንደ ነበረ አይካድም። ሆኖም አንድ ነገር አሳይቷል፤ መድረክ ለማቆም ቬሎ ወንበርና ትልቅ መጋረጃ ግድ አይደለም፤ የቀበሌ አዳራሽና የሰፈር ልጆች ይበቃሉ። ዛሬ ያ ትእዛዝ የለም። አዳራሹም፣ ልጆቹም፣ የምንጠይቀውም ነገር አለ።

ስለዚህ አንድ እሑድ ላለው ሰው የምንለው ይህ ነው። ሰኞ ዕለት «እኛም በሰፈራችን ይህን ጥያቄ መድረክ ላይ እናውጣው» የሚያሰኝህን ቴአትር ምረጥ። ቢያስቅህም ግድ የለም፤ ቢያስለቅስህም ግድ የለም። ከጎንደርም ሆነ ከጅማ፣ ከሐረርም ሆነ ከደሴ የመጣችሁ አንባቢዎች፣ እናንተ ከእኛ ይልቅ ሩቅ ናችሁና ምርጫው ይበልጥ ይጠብባችኋል። የተሻለ መለኪያ ካላችሁ ጻፉልን፤ በሚቀጥለው እትም እንከራከርበታለን።