«ደህና ነኝ» ብሎ መጻፍ

የቀይ መስቀል መልእክት የሚጻፍበት ቅጽ አይታሸግም። ስምና አድራሻ ከተሞላበት በኋላ ለመልእክቱ የሚተርፈው ቦታ ትንሽ ነው። የሚፈቀደውም የቤተሰብ ወሬ ብቻ ነው፤ ፖለቲካና የጦር ነገር አይነሳበትም፤ ባለቤቱ እጅ እስኪገባ ሌላ ዓይን ሊያየው ይችላል። ከ1990 እስከ 1992 ዓ.ም. ከተካሄደው የኢትዮጵያና የኤርትራ ጦርነት በኋላ ስልኩም ፖስታውም በረራውም እንደተቋረጠ ሲቀር፣ አንዱ አዲስ አበባ ሌላው አስመራ ለቀሩ ቤተሰቦች ከተረፉት ጥቂት መንገዶች አንዱ ይህ ወረቀት ነበር። ታዲያ ማንም እያነበበው የሚያልፍ ወረቀት ባልና ሚስት ሲላላኩበት የፍቅር ደብዳቤ ሊባል ይችላል? ይችላል ባይ ነኝ። እንዲያውም በእንዲህ ያለ ወረቀት ላይ ትልቁ የፍቅር ቃል «ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ» የምትለዋ፣ ልማድ ሆና ያለ ሐሳብ የምንጽፋት መግቢያ ትመስለኛለች።

ይህች መግቢያ ለአጎትም ለአበዳሪም ትጻፋለች፣ ምኑን የፍቅር ቃል ሆነች የሚል አይጠፋም። እውነት ነው፣ በሰላሙ ጊዜ «ደህና ነኝ» የሚል ሰው ምንም አልነገረን፤ ደህና እንደሚሆን ቀድሞውኑ ገምተናል። የቃል ክብደት ግን ቃሉ ባይኖር ሊኖር በሚችለው ነገር ይለካል። ከጦርነት በኋላ አንባቢዋ ጸሐፊው በሕይወት መኖሩንም አታውቅም፤ «እወድሻለሁ» የሚለው ቃል ራሱ የሚቆመው በዚያች በ«ደህና ነኝ» ላይ ነው። ደግሞም ወረቀቱ ሳምንታት ፈጅቶ ሲደርስ ቃሉ አርጅቷል፤ በትክክል ከተነበበ «ያኔ ደህና ነበርኩ» ማለት ነው። እሷ ይህን እያወቀች «ደህና ነው» ብላ ታነበዋለች። «ነበር»ን ወደ «ነው» የምትቀይረው ከራሷ ጨምራ ነው፤ ያን ያህሉን ደብዳቤ የጻፈችው እሷ ናት።

ፍቅር ገበናን ይሻል፣ የተከፈተ ወረቀት አንደበትን ያስራል የሚለው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል። ለዚህ የሌቭ ሚሽቼንኮንና የስቬትላና ኢቫኖቫን ደብዳቤዎች ማየት ይጠቅማል። በሞስኮ ዩኒቨርሲቲ የተዋወቁ የፊዚክስ ተማሪዎች ነበሩ። ሌቭ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች ተማርኮ በሕይወት ቢተርፍም የገዛ አገሩ መንግሥት በክህደት ወንጅሎ አሥር ዓመት ፈረደበትና ፔቾራ ወደሚባል የሰሜን ግዞት ካምፕ ላከው። እ.ኤ.አ. ከ1946 እስከ 1954 ከ1,200 በላይ ደብዳቤዎች ተጻጽፈዋል፤ ብዙዎቹ በካምፑ በሚሠሩ ነፃ ሠራተኞች እጅ ከሳንሱር ተሰውረው ያለፉ ናቸው። ከሳንሱር ያመለጠው ወረቀትም ቢሆን የሥራ ውሎ፣ የአየር ጠባይ፣ የወዳጅ ዘመድ ጤና የሞላበት ነው። ደብዳቤዎቹን ደግሞ ቁጥር ይሰጧቸው ነበር። 16ኛው ሳይመጣ 17ኛው ከደረሰ፣ የጠፋው መንገድ ላይ እንጂ ከልብ እንዳልሆነ ቁጥሩ ይመሰክራል። ከአናት ላይ የሠፈረች አንዲት ቁጥር፣ ሳንሱሩ ቢያያትም ምንም የማትነግረው፣ ለሁለቱ ግን «አላቋረጥኩም» የምትል ገበና ነች።

እነዚህ ግን ዕድለኞች ናቸው፤ ሌቭ ተፈታ፣ ተጋቡም። ስንቱ ጽፎ መልስ አጥቷል፣ ስንቱ ጠብቆ ጠብቆ ሌላ ትዳር ይዟል። ደብዳቤ ዋስትና ነው አላልኩም፣ አይደለምም። ሆኖም ዝምታው ያን ያህል የሚያምመው ለምን ይሆን? ሞት፣ መረሳትና የወረቀት መጥፋት ሦስቱም አንድ ዓይነት ዝምታ ስላላቸው ነው። ተኩሱ ቆሞ ፖስታው ያልተከፈተበት ዘመን ጭካኔው እዚህ ላይ ነው፤ የሞተውን አልቅሰህ አትቀብር፣ የከዳህን አትቀየም። ዝም ያለው ሰው «ደህና ነኝ» ብቻ ብሎ ቢልክ ኖሮ ቢያንስ ከሦስቱ አንዱ ይቀነስ ነበር።

በሐምሌ 2010 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል የስልክ መስመር ሲከፈት፣ የሚያውቁት ሰው የሌላቸው ሰዎች ሳይቀሩ ያገኙትን ቁጥር እየመቱ ወደ ማዶ ይደውሉ እንደነበር በጊዜው ተዘግቧል። የሚያወሩት ነገር አልነበራቸውም። ደህና ናችሁ? ደህና ነን፤ እናንተስ?