የሚጠገንና የማይጠገን

ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ከሄርማታ ገበያ ዳር ተቀምጦ ከሚሠራ ብስክሌት ጠጋኝ ዘንድ የገጠመኝ ነው። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ እኔን ግን እንቅልፍ ነስቶኛል።

ልጄ ትምህርት ቤት የሚመላለስበት «ማውንቴን» ብስክሌት በግራ በኩል ፔዳሉን የሚሸከመው ክንድ ይወላገድ ጀመር። ጠጋኙ ወጣት ፈትቶ በጨርቅ ጠረገውና ወደ ብርሃን አዙሮ አሳየኝ። ከመሃል ዘንጉ ጋር የሚጋጠምበት ባለ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ተበልቶ ክብ ሊሆን ተቃርቧል። ከአንዱ ማዕዘን የፀጉር ያህል ስንጥቅ ወጥቷል።

«ጋሼ፣ ይኸ ይቀየር» አለኝ።

«በይደው» አልኩት።

ያደግሁት ነገር በማይጣልበት ቤት ነው። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ጫማቸውን በገዛ እጃቸው ይጠግኑ እንደነበር ከእናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የተላለፈውን ሰምተን ነው ያደግነው። ኢስራፍን እፈራለሁ። እንዲያውም «በይደው» ስል መልካም ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር።

ወጣቱ ግን በትዕግሥት አስረዳኝ። ክንዱ ብረት ቢሆንና ቢጎብጥ ኖሮ በእሳት አግሎ ያቃናው ነበር፤ ብረት አብዛኛውን ጊዜ ከመሰበሩ በፊት ይጎብጣል፣ ያስጠነቅቃል። የተበላሸው የፔዳሉ ፊሌቶ ብቻ ቢሆንም በቶርኖ ቤት ቀዳዳው ሰፍቶ ቡሽ ይገባለታል። (በነገራችን ላይ የግራ ፔዳል የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ ይህን ባለማወቅ ስንት ክንድ ተበላሽቷል!) ይህ ግን አሉሚኒየም ነው። ስንጥቁ በእያንዳንዱ እርግጫ ጥቂት በጥቂት ያድግና አንድ ቀን ሳይታሰብ ይቆረጣል። ብየዳው ስንጥቁን ይሸፍነዋል እንጂ የቀድሞ ጥንካሬውን አይመልስለትም። ሙቀቱ ዙሪያውንም ያላላዋል።

የምንኖረው በጅሬን መንገድ በኩል ነው፤ ጠዋት ቁልቁለት፣ ከሰዓት በኋላ ዳገት። ልጁ ዳገቱን ሲወጣ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሙሉ ክብደቱን በዚያ ክንድ ላይ ይጥላል። ከኋላው ባጃጅ ይመጣል። ታዲያ የቆጠብኩት ገንዘብ የማን ነው? የተጠገነ ጫማ መንገድ ላይ ቢከዳ እግር ይቆሽሻል፤ ባለቤቱም ጠጋኙ ራሱ ነው። እዚህ ግን ቁጠባው የእኔ ሆኖ አደጋው የልጁ ነበር። ሌላውን የሚጎዳ ነገር በሸሪዓችን መከልከሉን ለሰው ስነግር ኖሬ፣ ለራሴ ሲሆን «ቁጠባ» የሚል ስም ሰጠሁት።

ከሁሉ የከበደኝ ሌላ ነው። ክንዱ የተበላው ብሎኑ ላልቶ እየተነዳ በመቆየቱ ነው አለኝ ወጣቱ። ልጄ ከሳምንታት በፊት «አባ፣ ቀጭ ቀጭ ይላል» ብሎኝ ነበር። «ይደርሳል» አልኩት። ያን ጊዜ ብሎን ማጥበቅ ብቻ ይበቃ ነበር። ኢስራፍን እፈራለሁ የምለው ሰው ደህናውን ዕቃ በቸልታ አበላሽቼ፣ ከተሰነጠቀ በኋላ ነው የሳሳሁለት።

የግራው ክንድ ብቻ ተቀየረ። ባለጥርሱ ቀኝ ክንድና ሰንሰለቱ ደህና ስለሆኑ ሁሉም ይቀየር የሚል ነጋዴ ቢገጥመኝ ኖሮ እሱንም አልሰማውም ነበር።

ልሄድ ስል አሮጌውን ስጠኝ አልኩት፤ በሄርማታ ገዢ የሌለው ዕቃ የለም። ቀና ብሎ አየኝ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) እጃቸውን በእህል ክምር ውስጥ አስገብተው ከሥር እርጥበት ያገኙበት ታሪክ ትዝ ብሎኝ ዐይኔን ሰበርኩ። እሱ ምንም አልተናገረም። ክንዱን ድንጋይ ላይ አጋድሞ በመዶሻ ደጋግሞ መታውና በስንጥቁ በኩል ለሁለት ከፈለው። ስብርባሪውንም ለቆራሌው ባዘጋጀው ጆንያ ውስጥ ወረወረው።

«ድስት ይሁን» አለ።