ማሸትና መቀባት

እንግሊዝኛ «በርኒሽ» የሚል ግስ አለው። እኛ «ወለወለ» ብለን ብንተረጉመው ስሕተት ባይሆንም ምሥጢሩ ያመልጠናል። ቃሉ ከጥንታዊ ፈረንሳይኛ የመጣ ሲሆን፣ ሥሩ «ቡናማ» ከሚለው ቃል ጋር አንድ ነው። በእጅ ጥበብ ባለሙያ ዘንድ «በርኒሽ» ማድረግ ማለት አንድን ነገር በጠንካራና ልሙጥ መሣሪያ እየተጫኑ ማሸት ነው። እንደ ቀለም አይጨምርበትም፤ እንደ ሞረድም አይፍቀውም። ገጹ በግፊት ብዛት ይደላደልና ብርሃን መመለስ ይጀምራል።

በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ መጻሕፍትን በወርቅ ያስጌጡ የነበሩ ሰዎች ብራናው ላይ የለጠፉትን ስስ ወርቅ በድንጋይ ወይም በውሻ ጥርስ ያሹት ነበር። ከወርቁ ሥር ያለው ልስን በቅጡ ያልተሠራ እንደሆነ ሲታሽ ይላጣል። የእኛም አገር ሸክላ ሠሪዎች ዕቃው እሳት ከመግባቱ በፊት ገላውን በልሙጥ ጠጠር ያሹታል። እንግዲህ ማሸት ማሳመር ብቻ ሳይሆን መፈተንም ነው።

እንግሊዝኛ ተናጋሪዎች ይህንኑ ግስ ለሰው ስምም ያውሉታል። ምርጫ የደረሰበት ፖለቲከኛ ስሙን «በርኒሽ አደረገ» ይባላል። ጥያቄው የሚመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ስምን መወልወል ሐሰት ነውን?

አንድ ጊዜ ለአንድ ሟች ዘመዴ በቀብሩ ላይ የሚነበብ የሕይወት ታሪክ እንድጽፍ ተጠየቅሁ። «እባክህ አሳምረው» አሉኝ ልጆቹ። ሰውየው በርስት ምክንያት ከታናሽ ወንድሙ ጋር ተኳርፎ ዓመታት አሳልፏል። እኔም «ከሁሉ ጋር በፍቅር የኖረ» ብዬ ጻፍሁ። ሲነበብ ወንድሙ አንገቱን ቀና አድርጎ አየኝ። ምንም አላለኝም።

በኋላ እንደ ሰማሁት፣ ሟቹ በዚያ ሁሉ የኩርፊያ ዘመን የወንድሙን ልጆች የትምህርት ቤት ክፍያ በሌላ ሰው እጅ ይልክ ኖሯል። የሚያበራው ይህ ነበር! ጠይቄ፣ ቆፍሬ ባወጣው ኖሮ ኩርፊያውን መደበቅ ባላስፈለገኝም ነበር። እኔ ግን ማሸቱ ድካም ስለሆነብኝ ቀባሁት።

መልሴ እንግዲህ ይህ ነው፦ የሰውን ስም መወልወል ነውር የለበትም። ነውሩ እጃችን ያልተጫነውን፣ ያልመረመርነውን ገላ በቀለም ሸፍነን «አበራ» ማለታችን ነው።