ለመነና ለመደ

በአማርኛ «ለመነ» እና «ለመደ» የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነው። አንዱ ይለምናል፤ ሌላው ይለምዳል፤ ሲለምድ ደግሞ አይሰማም። በዚህ ጽሑፍ የምናነሣው ጥያቄ ይህ ነው፦ ሰው ከመልመድ የተነሣ ላልሰማው ልመና ይጠየቅበታል ወይስ አይጠየቅበትም?

ነገሩ የመጽሐፍ ነገር ብቻ እንዳይመስል ሐረርን፣ ሸዋ በርን እንውሰድ። ገበያው ሲሞቅ በኦሮምኛ፣ በሐረሪ፣ በአማርኛና በሶማልኛ ዋጋ ይጠራል፤ ባጃጁ ጥሩንባውን ይነፋል፤ ጫት ሻጯ «የዛሬ ነው!» ትላለች። በዚህ ሁሉ መካከል ከግንቡ ሥር የተቀመጠ ሰው «ስለ አላህ! ስለ ቁልቢ ገብርኤል!» ይላል። እኛ ብርቱካን ገዢዎቹ የብርቱካኑን ዋጋ ከነሳንቲሙ ሰምተናል። የሰውዬውን ድምፅ ግን ማታ ብንጠየቅ «የትኛው ሰውዬ?» ነው የምንለው። እየዋሸን አይደለም፤ እውነትም አልሰማነውም።

የሥነ ልቡና ሳይንስ ለዚህ መልስ አለው። ኮሊን ቼሪ የተባለ ሊቅ በ1953 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለሰዎች በሁለት ጆሮዎቻቸው ሁለት የተለያዩ ንግግሮች አሰማቸው፤ የአንደኛውን ጆሮ ንግግር እየተከተሉ እንዲደግሙም አዘዛቸው። በሌላው ጆሮ ምን እንደተባለ ሲጠየቁ ምንም የያዙት ነገር አልነበረም፤ ቋንቋው ከእንግሊዝኛ ወደ ጀርመንኛ ሲለወጥ እንኳ ልብ አላሉም። በ1958 ዶናልድ ብሮድቤንት ይህን ይዞ አእምሮ ወንፊት አለው አለ፤ የሚገባው ብዙ፣ የሚያልፈው ጥቂት ነው።

ከወንፊቱ ሌላ ደግሞ ልማድ የሚባለው አለ። ኤሪክ ካንደል በ2000 የኖቤል ሽልማት ካገኘባቸው ሥራዎች አንዱ አፕሊሲያ በተባለች የባሕር ቀንድ አውጣ ላይ ያደረገው ጥናት ነው። ቀንድ አውጣዋ ስትነካ መተንፈሻዋን ትሰበስባለች። ደግመው ደጋግመው በቀስታ ሲነኳት ግን መሰብሰቡን እየተወች ትሄዳለች። ምክንያቱ ሲመረመር፣ መነካቱን የሚቀበለው የነርቭ ሕዋስ መልእክቱን ለሚቀጥለው ሕዋስ የሚያስተላልፍበትን ኬሚካል በየጊዜው እየቀነሰ ይለቅቅ ነበር። ሕዋሱ አልሞተም፤ ለምዷል።

እንግዲህ ተከሳሹ በቂ ጠበቃ አገኘ ማለት ነው። «ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው» ይል የለ ያገራችን ሰው? ቀንድ አውጣዋን ማንም ጨካኝ አይላትም፤ እኛስ ከነርቭ ሥራ በላይ ምን አድርገናል? ደግሞም ወንፊቱ ባይኖር እናት በገበያው ጫጫታ መካከል የልጇን ለቅሶ ለይታ ባልሰማች ነበር። በ1973 በፕሪንስተን የተደረገ ጥናትም አለ። የሥነ መለኮት ተማሪዎች ንግግር ሊያደርጉ ወደ ሌላ ሕንፃ ሲሄዱ በመንገዳቸው አንድ የታመመ የሚመስል ሰው ተቀምጦ ጠበቃቸው። ካልተቸኮሉት 63 ከመቶው ሲረዱት፣ በጣም ከተቻኮሉት የረዱት 10 ከመቶ ብቻ ነበሩ። ከተማሪዎቹ ገሚሶቹ የሚናገሩት ስለ ደጉ ሳምራዊ ነበር! ስለዚህ ደግነት የልብ ሳይሆን የሰዓት ጉዳይ ነው የሚል ቢነሣ ምን እንመልሳለን?

መልሳችን ከዚያው ከሳይንሱ ይነሣል። በ1959 ኔቪል ሞሬይ የቼሪን ፈተና ሲደግም፣ ሰሚው በማያዳምጥበት ጆሮ የራሱ ስም ሲጠራ ከሰሚዎቹ ሲሦ ያህሉ ሰሙት። ወንፊቱ ግንብ አይደለም ማለት ነው፤ ለእኛ ትልቅ የሆነውን ነገር ያሳልፋል። ይህን ደግሞ ላሊበላዎች ከሞሬይ አስቀድመው ያውቁታል። ጎሕ ሳይቀድ ከደጃፍ ቆመው የሚያዜሙት ላሊበላዎች የባለቤቱን ስም ከጎረቤት ጠይቀው ነው የሚመጡት፤ ስሙን ከነውዳሴው ሲያስገቡበት የተኛው ይነቃል። ማዜማቸውን ቢተዉ የሥጋ ደዌ ይይዘናል ብለው ስለሚያምኑ ነው ይባላል።

የሥጋ ደዌ ካልን ወደ ሐረር እንመለስ። ይህ በሽታ ከሁሉ አስቀድሞ የሚያጠቃው ነርቭን ነው። ጣት የሚቆረጠው በሽታው በልቶት ሳይሆን ሰውየው ሕመም ስለማይሰማው ነው፤ እሳት ሲያቃጥለው፣ ድንጋይ ሲልጠው አያውቅም፤ ቁስሉ ሳይጠበቅ ያመረቅዛል። ሕመም አለመሰማት ጸጋ ይመስላል እንጂ አካልን የሚጨርስ እሱ ነው። ዛሬ በሽታው በመድኃኒት ይድናል፤ የሞተው ነርቭ ግን በቀላሉ አይመለስም።

በሐረር ከነዚህ ሕሙማን ጋር ብዙ የደከሙ ዣን ፌሮን የተባሉ ፈረንሳዊ ሐኪም ነበሩ፤ ገንደ ፌሮን የሚባለው ሰፈር ስማቸውን ይዞ ቀርቷል። የሥራቸው ወሬ ጀርመን አገር ቩርትስቡርግ ድረስ ደረሰና በ1957 እዚያ የሥጋ ደዌ ሕሙማን መርጃ ማኅበር ተቋቋመ፤ ከሐረር አለፍ ብሎ ያለው የቢሲዲሞ ሆስፒታልም የዚሁ ማኅበር ፍሬ ነው። አሁን ነገሩን አስተውሉት። በየቀኑ በግንቡ ሥር የሚያልፈው ሰው ያልሰማውን ድምፅ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሰማው። ይህ የሆነው የቩርትስቡርግ ሰው ከሐረር ሰው ስለሚበልጥ ነው ወይ? አይደለም። ለሱ ወሬው አዲስ ነበር፤ አዲስ ነገር ነርቭን ያነቃል። ማኅበሩን የሚያስመሰግነው መንቃቱ ሳይሆን ከነቃ በኋላ ያደረገው ነው፤ ያ አዲስነት ከማለፉ በፊት ርኅራኄውን ወደ ሥርዓት፣ ወደ ግድግዳና አልጋ፣ ወደ ደመወዝተኛ ነርስ ለወጠው። ስሜቱ ቢደክም እንኳ ሥራው አይቆምም።

አባቶቻችንም ይህን ያላወቁ አይመስለንም። ዘካ ከመቶ ሁለት ተኩል ሲል፣ አሥራት ከአሥር አንድ ሲል «ዛሬ ልብህ ራርቷል?» ብሎ አይጠይቅም። የሐረሪዎች አፎቻም የኛ ዕድርም እንዲሁ ነው፤ ጎረቤት ሲሞት ሰው አዘነም አላዘነም ድንኳኑ ይተከላል። ጉድለታቸው አንድ ነው፤ የአባል መዝገባቸው ከግንቡ ሥር ያለውን ሰው ስም አያውቀውም።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «ምጽዋት ድህነትን ያራዝማል እንጂ አያጠፋም» ይሉናል። እውነት አለው። ነገር ግን ይህ ክርክር ብዙ ጊዜ የሚያበቃው ድህነት በመጥፋቱ ሳይሆን ሳንቲሟ ኪስ ውስጥ በመቅረቷ ነውና ተከራካሪው መጀመሪያ ኪሱን ይፈትሽ።

እንግዲህ ፍርዳችን ይህ ነው። መልመድ ራሱ አያስጠይቅም፤ ያልሰማ ጆሮ ወንጀለኛ አይደለም። የሚያስጠይቀው ጆሮ እንደሚለምድ እያወቁ ርኅራኄን ለጆሮ ብቻ ትቶ መሄድ ነው። ካወቅን ዘንድ ሁለት ነገር ይጠበቅብናል። አንደኛው ስም መጠየቅ ነው፤ ስሙን የምናውቀውን ሰው ድምፅ ወንፊቱ በቀላሉ አይጥለውም። ሁለተኛው፣ ልባችን ሲነካ ባለበት ሰዓት፣ ሳይነካ ለሚውልበት ቀን የሚሆን ሥርዓት አብሮ ማቆም ነው፤ በየወሩ የሚቆረጥ መዋጮም ይሁን፣ በተራ የሚሰጥ ጉልበትም ይሁን፣ ወይም የዕድሩን መዝገብ አንድ መስመር ማስረዘም። ይህን ሳናደርግ «አልሰማንም» ብንል ግን፣ እውነት ብንናገርም ነጻ አንወጣም።