ያላየ እማኝ

እ.ኤ.አ. በ2017 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች 60 ፈቃደኞችን በትሬድሚል አስሮጡ፣ ብስክሌት አስነዱ፤ በእጃቸው ላይም ሰባት ዓይነት መለኪያ ሰዓቶችን ፈተኑ። ስድስቱ የልብ ምትን ከ5 በመቶ ባነሰ ስሕተት ቆጠሩ። ተራው የተቃጠለው ካሎሪ ሲሆን ግን የተሻለው ሰዓት እንኳ 27 በመቶ ሳተ፣ የባሰው 93 በመቶ።

ምቱን ሰዓቱ ያየዋል ማለት ይቻላል። ከሥሩ የሚፈነጥቀው አረንጓዴ ብርሃን ቆዳ ዘልቆ ይገባና ደም በየምቱ ሲሞላና ሲጎድል የሚመጣውን ለውጥ ይከታተላል። (ቆዳው በጠቆረ መጠን ስሕተቱ ከፍ ማለቱን ይኸው ጥናት አሳይቷል፤ ለኢትዮጵያዊ ገዢ ይህ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።)

ካሎሪን ግን ሰዓቱ አያየውም። በቤተ ሙከራ ሯጩ ጭምብል ያጠልቅና የተጠቀመው ኦክስጅንና ያስወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለካል፤ አንድ ሊትር ኦክስጅን ወደ 5 ኪሎካሎሪ ይመነዘራል። ጭምብል የሌለው ሰዓት ምትን፣ ዕድሜን፣ ክብደትንና ጾታን ይዞ ከሌሎች ሰዎች በተቀመረ ስሌት ይገምታል። ጀርመናዊው የፊዚዮሎጂ ሊቅ አዶልፍ ፊክ እ.ኤ.አ. በ1870 እንዳስረዳው፣ ሰውነት የሚወስደው ኦክስጅን በምት ብዛት ብቻ አይወሰንም፤ ልብ በአንድ ምት የምትረጨው ደም ስንት ነው? ጡንቻስ ከዚያ ደም ምን ያህል ኦክስጅን ይወስዳል? ሰዓቱ ሁለቱንም አያውቅም። የደነገጠ ሰው ልቡ በፍጥነት ይመታል፣ እግሩ ግን አልሮጠም።

የዕውቀት ጥያቄ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። ችሎት ፊት ያየና የሰማ እማኝ እኩል አይታመኑም፤ ሰዓቱ ግን ያየውንም የገመተውንም በአንድ ድምፅ ይመሰክራል። «412» ይላል እንጂ «ከ300 እስከ 520 ባለው መካከል ይመስለኛል» አይልም። መሳቱ ብቻውን ውሸታም አያሰኘውም፤ የሚያስወቅሰው ጥርጣሬውን መደበቁ ነው። የሚናገርለት ሰው ደግሞ አማካይ ሰው ነው፣ እናት ያልወለደችው።

«ትክክለኛነቱ ይቅር፣ ዛሬን ከትናንት ለማወዳደር ይበቃል» የሚሉ አሉ። ለሁለት ቀን ሩጫ ምናልባት። ወራት ሲቆጠሩ ግን የሠለጠነ ልብ ያንኑ መንገድ ባነሰ ምት ይጨርሳል። የተሮጠው መንገድ ያው፣ የወጣው ጉልበትም ከሞላ ጎደል ያው ሆኖ ሳለ፣ በምት ብቻ የሚያሰላ ሰዓት የበረታውን ሰው ካሎሪ ይቀንስበታል።