የሁለት ዓመት ፈረስና የመዝገብ ዕድሜ

በሐይቅና በአምባሰል ደጋ ፈረስ የሚያውቅ ሰው፣ ለግዢ ሲቀርብ አስቀድሞ የሚመለከተው የፈረሱን አፍ ነው። ሻጩ የፈለገውን ያህል ቢምል፣ ገዢው ጥርሱን አይቶ ዕድሜውን ይናገራል። ፈረስ የፊት የወተት ጥርሱን መንቀል የሚጀምረው ሁለት ዓመት ተኩል ገደማ ሲሆነው ነው፤ አፉ የሚሞላውም በአምስት ዓመቱ ነው። በ1888 ዓ.ም. ከራስ ሚካኤል ጋር ፈረሰኞቹን ወደ ዐድዋ የላከ የወሎ ሕዝብ ይህን ዕውቀት ከመጽሐፍ አልተማረውም።

በእንግሊዝ አገር፣ ዶንካስተር በተባለ ከተማ፣ በየዓመቱ የፀደይ መግቢያ ላይ ብሮክልስቢ የሚባል የፈረስ እሽቅድምድም ይደረጋል። ተወዳዳሪዎቹ የሁለት ዓመት ፈረሶች ሲሆኑ አብዛኞቹ ከዚያ በፊት ተሽቀዳድመው አያውቁም። ርቀቱ 1,000 ሜትር ያህል ነው፤ አንድ ደቂቃ ገደማ ሮጠው ይጨርሱታል። ለዚያች ደቂቃ ሲባል ውርንጭላዎቹ ገና በዓመት ተመንፈቃቸው ኮርቻና ልጓም ይለምዳሉ።

«ሁለት ዓመት» የሚለው ቃል ራሱ መመርመር አለበት። በአውሮፓ የእሽቅድምድም ደንብ መሠረት የፈረሶች ሁሉ ዕድሜ የሚጨምረው በአንድ ቀን፣ በጃንዋሪ 1 ነው። ስለዚህ በሜይ ወር አጋማሽ የተወለደ ውርንጭላ ሃያ ወር ሳይሞላው በመዝገብ ሁለት ዓመት ይሆነዋል። ነገር ግን ከፊት ጉልበቱ በላይ ያለው አጥንት እድገቱን የሚጨርሰው ከሁለት እስከ ሁለት ዓመት ተኩል ባለው ጊዜ ነው፤ የጀርባው አጥንትማ ከዚያ በኋላ ገና ዓመታት ይቀሩታል።

የባለቤቶቹንም መልስ መስማት ይገባል። በልክ የሆነ የልጅነት ሩጫ አጥንትን እንደሚያጠነክር በጥናት ታይቷል፤ ይህን አንክድም። ሆኖም በመስክ ላይ እናቱን ተከትሎ የሚሮጥ ውርንጭላ ሲደክመው ይቆማል። ሰው የተቀመጠበት ግን መቼ እንደሚቆም የሚወስንለት ሌላ ነው፤ ያም ወሳኝ ብዙ ጊዜ ገንዘቡ ቶሎ እንዲመለስለት የሚቸኩል ነው። የሥነ ምግባሩ ጥያቄ የሚነሣው ከዚህ ላይ ይመስለናል።

ውድ ምእመናን፣ ይህን ያነሣነው ስለ ፈረስ ብቻ ብለን አይደለም። ከደቡብ ወሎ ወደ ዐረብ አገሮች ለቤት ሠራተኝነት የሚሄዱ ልጃገረዶች ብዙ ናቸው። ሕጉ 18 ዓመት እንዲሞላቸው ይጠይቃል፤ ሆኖም የ15 ዓመቷ ልጅ በወረቀት 18 ሆና የምትሄድበት ጊዜ አለ። «ውኃ ቀድታ፣ እንጨት ለቅማ ያደገች ናት፤ ሥራ አይከብዳትም» የሚለው አባት በከፊል እውነት አለው። ነገር ግን በቤቷ ሳለች ሲደክማት እንስራዋን አውርዳ ትቀመጥ ነበር። እዚያ ግን የሥራዋም የዕረፍቷም ሰዓት በአሠሪዋ እጅ ነው፤ ብዙ ጊዜ ፓስፖርቷም እንዲሁ።

እንግዲህ አንድ ቤተ ሰብ ወደ ካቴኪስቱ መጥቶ፣ በጥምቀት መዝገብ የተጻፈው የልደት ዘመን በሦስት ዓመት ወደ ኋላ ይመለስልን ብሎ ቢለምነው ምን ያድርግ? መዝገቡን አይነካም፤ በዚህ ላይ ክርክር የለንም። ነገር ግን ለማኞቹ ክፉዎች አይደሉም፤ በሬ የሞተባቸው፣ ብድር የተጫናቸው ሊሆኑ ይችላሉ። እምቢ ያለው ካቴኪስት በዚያው ሰሞን ወደዚያ ቤት ሄዶ፣ ልጅቱ ትምህርቷን እስክትጨርስ ያ ዕዳ በማን ጫንቃ ላይ እንደሚቆይ፣ ቁምስናውም ከዚያ ምን ያህሉን መሸከም እንደሚችል ሊነጋገር ይገባዋል።